በጆሮ የሚመዘን ስያሜ፤ የክላሲካል ጊታር ድርደራን በራዲዮ ስለ ማስተዋወቅ

1. መግቢያ

የሙያ ቃላት ስየማ በሚካሄድበት ጊዜ እጩው ቃል ዘወትር የሚመዘነው በወረቀት ላይ ተጽፎ ነው። ከየትኛው ሥር እንደ ተገኘ፣ ርባታው ከአማርኛ ሰዋስው ጋር ይስማማ እንደ ሆነ፣ አቻ የተባለለትን የባዕድ ቃል ፍች ይሸፍን እንደ ሆነ በጽሑፍ ይመረመራል። ይህ አሠራር ለመማሪያ መጻሕፍትና ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚበቃ ነው። ለራዲዮ ግን አይበቃም። የራዲዮ አድማጭ ቃሉን የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያነበው አይችልም፤ የግርጌ ማብራሪያም አይቀርብለትም። ቃሉ በሃሌታው «ሀ» ይጻፍ ወይስ በሐመሩ «ሐ» የሚያይበት መንገድ የለውም።

ይህ ጽሑፍ አንድ ጠባብ ጉዳይ ይዞ ይህን ልዩነት ለመመርመር ይሞክራል። ጉዳዩም በራዲዮ የሚተላለፍ የክላሲካል ጊታር ዝግጅት በአማርኛ እንዴት ሊተዋወቅ ይገባዋል የሚለው ነው። ይህን ጉዳይ ለመምረጥ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ዝግጅቱ ከድምፅ በስተቀር ሌላ ነገር የሌለው መሆኑ ነው፤ ዘፈን የለው፣ ጭፈራ የለው፣ የሚታይ መድረክ የለው። አድማጩ ምን እንደሚያዳምጥ የሚያውቀው አስተዋዋቂው በሚናገራቸው ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ጊታር የክር መሣሪያ በመሆኑ ስያሜው የሚወድቀው አማርኛ ባለጸጋ በሆነበት፣ የበገናና የክራር ቃላት ለብዙ ዘመን ተከማችተው በኖሩበት መስክ መሆኑ ነው። ተርጓሚው ለነገሩ ቃል አያጣም፤ የሚያስቸግረው ከተገኙት ቃላት መካከል የሚያሳስተውን ከማያሳስተው መለየት ነው።

2. አድማጩና የጆሮ ሚዛን

በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ከተመረቀበት ጊዜ አንሥቶ የአማርኛ ራዲዮ ከፍተኛ ለውጥ አድርጓል። ለያዝነው ጉዳይ ዋነኛው ለውጥ የኤፍ ኤም ሥርጭት መጀመር ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የመዲናይቱ አድማጭ ከመካከለኛና ከአጭር ሞገድ ይልቅ የጠራ ድምፅ ማግኘት ችሏል። የኤፍ ኤም ሥርጭት ቀጫጭኑን ድምፅ እስከ 15 ሺህ ኸርዝ ድረስ ያደርሳል። የክላሲካል ጊታር ድምፅ አነስተኛና ቶሎ የሚከስም በመሆኑ ይህ ጥራት ያስፈልገዋል።

ይሁን እንጂ የጣቢያው ድምፅ ጠራ ማለት የአድማጩ ዙሪያ ጸጥ አለ ማለት አይደለም። የአዲስ አበባን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከቦሌ መንገድ እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲና አያት ያለውን ለአብነት እንውሰድ። በዚህ አካባቢ ራዲዮ የሚደመጠው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራ እየተሠራ ነው፤ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ፣ በሱቅ ባንኮኒ ላይ፣ በጋራ መኖሪያ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ። ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን ሲያልፍ ወይም ታክሲው ፍሬን ሲይዝ ከአንድ ቃል አንዱ ቀለም ይዋጣል። ስለዚህ በአንድ አናባቢ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቃላት ለዚህ አድማጭ አንድ ቃል ሊሆኑበት ይችላሉ።

ከዚህ ተነሥቶ በራዲዮ ላይ ሁለት ፍች ያለው ቃል ሁሉ መወገድ አለበት የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የዚሁ አካባቢ የቦታ ስሞች ግን ይህ አስተያየት ትክክል አለመሆኑን ያሳያሉ። የታክሲው ረዳት «አያት! አያት!» እያለ ሲጣራ የእናቱን እናት ይጠራል ብሎ የሚያስብ ተሳፋሪ የለም። «መገናኛ» ለተሳፋሪው አደባባይና ተርሚናል ነው፤ ያው ቃል ከዜና አንባቢው አፍ ሲወጣ «ብዙኃን መገናኛ» ይሆናል፤ ሁለቱም በአንድ ታክሲ ውስጥ በአንድ ሰዓት ሲሰሙ ማንም አይደናገርም። አንዱ ፍች የመንገድ፣ ሌላው የዜና ስለሆነ እርስ በርሳቸው አይነካኩም።

እንግዲህ መለኪያው የፍቾች ቁጥር ሳይሆን የፍቾች ጉርብትና ነው። አንድ ቃል የያዛቸው ሁለት ፍቾች በተለያየ መስክ የሚኖሩ ከሆነ «ሩቅ ፍች» እንበላቸው፤ ጆሮን አይጎዱም። በአንድ መስክ ውስጥ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቦታ ሊገቡ የሚችሉ ከሆነ ግን «ጎረቤት ፍች» ናቸው፤ አድማጩ የትኛውን እንደሰማ የሚለይበት ምልክት አያገኝም። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ቃላት በሙሉ የሚመዘኑት በዚህ ሚዛን ነው።

3. የዝግጅቱ ስም

አንድ ሙዚቀኛ ብቻውን፣ ወይም ከአንድ አጃቢ ጋር፣ በአንድ መሣሪያ የሚያቀርበው ዝግጅት በአውሮፓ ቋንቋዎች ሪሳይታል ይባላል። በአማርኛ እስካሁን የተለመዱት ምትኮች «ትርኢት»፣ «የሙዚቃ ድግስ» እና «ኮንሰርት» ናቸው።

«ትርኢት» ከርእየ የወጣ ቃል ነው፤ ፍቹም የሚታይ ነገር ማለት ነው። በአዳራሽ ለተሰበሰበ ተመልካች ተገቢ ነው፤ ዐይኑን ጨፍኖ ለሚያዳምጥ ሰው «ትርኢት አቀረብንልህ» ማለት ግን ያልተሰጠውን ነገር ሰጠንህ እንደ ማለት ይሆናል። «ድግስ» የግብዣ ቃል ነው። «ታዳሚ» የሚለውም ከዚያው ከግብዣ ቤት የመጣ ስለሆነ ሁለቱ ተስማምተው ይኖራሉ፤ ታዳሚ ማለት በድግሱ ላይ የተገኘ ነውና። የራዲዮው ሰው ግን በድግሱ ላይ አልተገኘም፤ እርሱ «አድማጭ» ነው። ድግስ በተጨማሪ ብዙ ድምፃውያንና ባንድ የሚሳተፉበትን ታላቅ ዝግጅት ያስታውሳል፤ የአንድ ሰው የብቻ ጨዋታ በዚህ ስም ሲጠራ አድማጩ ዘፈን ይጠብቃል። «ኮንሰርት»ም ይኸው ችግር አለበት።

ከሦስቱ የሚሻለው ቃል በበገናው ቤት ይገኛል። «የበገና ድርደራ» የሚለው ሐረግ በአማርኛ የታወቀ ነው፤ ድርጊቱንም ዝግጅቱንም ይሸፍናል። ስለሆነም «የጊታር ድርደራ» የሚለው ስያሜ ቀርቧል። ለዚህ ስያሜ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የክብር ጥያቄ ነው። በአማርኛ ከበሮ ይመታል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ መሰንቆ ይገዘገዛል፣ ክራር ይገረፋል፣ በገና ይደረደራል። በገና የጸሎትና የጾም መሣሪያ በመሆኑ «መደርደር» የሚለው ግስ ከመንፈሳዊ ስሜት ጋር ተቆራኝቷል፤ ለጊታር ማዋሱ የበገናውን ክብር ያጎድላል የሚል ስጋት ይኖራል። ይህ ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን የክራር ባለሙያዎች ራሳቸው አጨዋወታቸውን «ግርፍ» እና «ድርድር» ብለው ለሁለት ይከፍላሉ። ግርፍ ክሮቹን በአንድነት መግረፍ ሲሆን፣ ድርድር እያንዳንዱን ክር በጣት እየለዩ ማሰማት ነው። ክራር የዓለማዊ ዘፈን መሣሪያ ሆኖ ሳለ በዚህ ግስ ሲጠቀም ኖሯል። እንግዲህ መደርደር የሚያመለክተው የጣቱን ሥራ እንጂ የመሣሪያውን ማዕረግ አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው የጆሮ ጥያቄ ነው። «ድርድር» በዜና ውስጥ ዘወትር የሚሰማው በሁለት ወገኖች መካከል የሚደረገው ንግግር ተብሎ ነው። ፍቹ ሩቅ ፍች ነው፤ ሆኖም ከዜና ቀጥሎ «አሁን ድርድሩን እናሰማችኋለን» ቢባል አድማጩ ለአፍታ መሳቱ አይቀርም። «ድርደራ» የሚለው ቅርጽ ግን ለንግግሩ ስም ሆኖ አያገለግልም። ስለዚህ ለዝግጅቱ «ድርደራ» ይመረጥ፤ «ድርድር» በባለሙያዎች መካከል የአጨዋወት ስልት ስም ሆኖ ይቆይ።

የሙዚቀኛውም ስም ከዚሁ ይገኛል። «ተጫዋች» ከስፖርት ዜና ጋር የሚጋራው ፍች ሩቅ ስለሆነ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ጎረቤቱ ነው፤ ዘፈን ማዜምም በአማርኛ «መጫወት» ይባላልና። «ጊታሪስት» የባንድ ሙዚቀኛ ሁሉ ስም ሆኖ ሥር ሰድዷል፤ ይቀጥል። የክላሲካል ጊታር ባለሙያ ግን «ጊታር ደርዳሪ» ቢባል አድማጩ በጣት የሚሠራ፣ ዘፈን የሌለበት ሥራ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃል።

4. «ክላሲካል» እና «ረቂቅ»

«ረቂቅ ሙዚቃ» የሚለው ሐረግ ቃል የሌለውን፣ በመሣሪያ ብቻ የሚቀርበውን ሙዚቃ ለማመልከት በራዲዮ ሲሠራበት ቆይቷል፤ አንዳንድ ጊዜም «ክላሲካል» ለሚለው ምትክ ይሆናል። በሐረጉ ላይ ተቃውሞ የለንም። በ«ረቂቅ አዋጅ» ውስጥ ያለው ፍች ሩቅ ነው። ሐረጉ ተሰብሮ «ረቂቅ የጊታር ድርሰት» ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ድርሰት ራሱ ረቂቅ ሊኖረው ስለሚችል አድማጩ ያላለቀ፣ ገና የሚታረም ሥራ እንደሚቀርብለት ያስባል። ጎረቤት ፍች ማለት እንዲህ ያለው ነው።

«ክላሲካል» የሚለው ቃል ደግሞ ሦስት ነገሮችን ይጠራል፤ አንድን የሙዚቃ ዘመን፣ አንድን የሙዚቃ ትውፊት፣ አንድን የጊታር ዓይነት። እስፓንያዊው ፈርናንዶ ሶር (እ.ኤ.አ. 1778–1839) እና ኢጣልያዊው ማውሮ ጁልያኒ (እ.ኤ.አ. 1781–1829) በዘመንም ለክላሲካሉ የቀረቡ ናቸው። ፍራንሲስኮ ታሬጋ (እ.ኤ.አ. 1852–1909) እና ብራዚላዊው ሄይቶር ቪላ ሎቦስ (እ.ኤ.አ. 1887–1959) ግን ከዚያ ዘመን በኋላ የመጡ ናቸው፤ ድርሰቶቻቸው «የክላሲካል ጊታር» የሚባሉት በመሣሪያው ምክንያት ነው። ስለዚህ ቃሉ ለመሣሪያው መለያ ሆኖ፣ ሳይተረጐም፣ «ክላሲካል ጊታር» ተብሎ እንዲቀመጥ ይመከራል።

የአገራችን ሙዚቀኞች በኤሌክትሪክ የማይሠራውን ጊታር ሁሉ «ቦክስ ጊታር» ይሉታል። ይህ ስም ሕዝቡ ያወጣው፣ ጥርት ያለ ስያሜ ነው፤ የስፖርቱ ቦክስ ሩቅ ፍች ስለሆነ አያውክም። ክላሲካል ጊታር እንግዲህ ከቦክስ ጊታር ዓይነቶች አንዱ ነው፤ የሚለየው በናይለን ክሩ፣ በሰፊ አንገቱና ያለ መግረፊያ፣ በጣትና በጥፍር የሚደረደር በመሆኑ ነው። ዛሬ የሚታወቀውን የመሣሪያውን ቅርጽና መጠን በአብዛኛው የወሰነው እስፓንያዊው አንቶንዮ ዴ ቶሬስ (እ.ኤ.አ. 1817–1892) ነው። በአንድ ጀምበር የውጭ ስም ማባረር እንደማይቻል «ሲኤምሲ»ን ያስተዋለ ይረዳል፤ የአንድ የኢጣልያ ሥራ ተቋራጭ ምሕፃረ ስም ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ የሰፈር ስም ሆኖ ማንም እንደ ባዕድ ቃል አይቈጥረውም።

5. ክር፣ ጅማት፣ አውታር

ለመሣሪያው ድምፅ ሰጪ ክፍል አማርኛ ሦስት ቃላት አሉት። «ጅማት» የተሠራበትን ነገር ያመለክታል፤ የበገናና የክራር ክሮች ከእንስሳ አንጀትና ጅማት ይሠሩ ነበርና። «ክር» ቅርጹን ያመለክታል። «አውታር» ደግሞ ሥራውን፣ ማለትም ተወጥሮ ድምፅ መስጠቱን ያመለክታል፤ የመጽሐፍ ቋንቋም ነው፤ በመዝሙረ ዳዊት በገና በአውታሮቹ ቁጥር፣ በዐሥር፣ ይጠራል።

በዚህ ረገድ የጊታር ታሪክ ከክራር ታሪክ ጋር የሚመሳሰል ነው። የክላሲካል ጊታር ከፍተኛ ክሮች እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የአንጀት ክሮች ነበሩ። ጦርነቱ የአንጀት ክር እንዲጠፋ ባደረገበት ጊዜ አልበርት ኦገስቲን የተባለ የመሣሪያ ሠሪ የናይለን ክር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ለገበያ አቀረበ፤ ታላቁ ጊታር ደርዳሪ አንድሬስ ሴጎቪያም (እ.ኤ.አ. 1893–1987) ክሩን ተቀብሎ አስፋፋው። ክራርም እንዲሁ ከጅማት ወደ ናይለን ተሸጋግሯል። ስለዚህ ዛሬ «የጊታር ጅማት» ማለት ሐሰት ይሆናል፤ «የጊታር ክር» ግን የሕዝብም የባለሙያም አነጋገር ነው።

«አውታር»ስ? በዜና ውስጥ «የመገናኛ አውታር»፣ «የመብራት አውታር» ሲባል የሚሰማው ፍች ሩቅ ነው፤ «ባለ ስድስት አውታር መሣሪያ» ሲባል ማንም አይደናገርም። ስለዚህ ሥራ እንከፋፍልላቸው፤ ነገሩን ስንጠራ «ክር»፣ መሣሪያውን በዓይነት ስንመድብ «ባለ አውታር» እንበል። የታችኞቹ ሦስት ክሮች በብር በተለበጠ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠሙ ናቸው፤ ጣት ሲንሸራተትባቸው የምትሰማው ቀጭን «ሲጥታ» በአዳራሽ ርቆ ለተቀመጠ ሰው ላትደርሰው ትችላለች፤ ለማይክሮፎኑ ግን ቅርብ ናት። አስተዋዋቂው አስቀድሞ ቢናገር አድማጩ ራዲዮኑ የተበላሸ አይመስለውም።

ስለ ሌሎቹ የመሣሪያው ክፍሎች ባጭሩ እንለፍ። የበገና ስሞች ከቤትና ከእርሻ የተወሰዱ ናቸው፤ ምሶሶ አለው፣ ቀንበር አለው፣ ገበቴ አለው። የጊታር ስሞች ከሰው አካል የተወሰዱ ናቸው፤ ራስ፣ አንገትና ወገብ አለው። ሁለቱን ማቀላቀል አያስፈልግም፤ ለጊታር አንገት «ምሶሶ» ማለት የሌለ ቅርጽ መሳል ይሆናል። ክሮቹን የሚሸከመው ድልድይ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ሥራ ስለሚሠራ «በርኩማ» የሚለው የበገናና የክራር ቃል ለጊታርም ይሆናል። በአንገቱ ላይ የተተከሉት ብረቶች በአገር ባሕል የክር መሣሪያዎች ላይ የሉም፤ ስለዚህ ስም አልወጣላቸውም። ሙዚቀኞች «ፍሬት» ይሏቸዋል፤ ብረቱ በዚሁ ይቆይ፤ በሁለት ብረቶች መካከል ያለው የጣት ሥፍራ ግን «እርከን» ቢባል፣ «በአምስተኛው እርከን» የሚለው አነጋገር የተራራ እርከን ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

6. የጣት ሥራ

የክላሲካል ጊታር ቀኝ እጅ ሁለት ዋና አነካኮች አሉት። በአንደኛው ጣቱ ክሩን ከነካ በኋላ በሚቀጥለው ክር ላይ ያርፋል፤ በሁለተኛው ጣቱ ሳያርፍ ወደ መዳፍ ይመለሳል። እስፓንያውያን የመጀመሪያውን አፖያንዶ፣ ሁለተኛውን ቲራንዶ ይሉታል። የመጀመሪያው ወፍራምና ሙሉ ድምፅ፣ ሁለተኛው ቀለል ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ አድማጩም ልዩነቱን በጆሮው ብቻ ሊለየው ይችላል።

በገና ደርዳሪዎቻችን ይህን አነካክ በሌላ መልክ ያውቁታል። ከበገና ዐሥር አውታሮች መካከል በአብዛኛው ድምፃቸው የሚፈለገው አምስቱ ወይም ስድስቱ ናቸው። የቀሩት አውታሮች ጎረቤታቸው ከተነካ በኋላ ጣት የሚያርፍባቸው ሆነው ያገለግላሉ። ስለዚህ ማረፍን የሚያውቅ የአገር ሙያ እያለ አፖያንዶን በእንግሊዝኛ ቃል መተርጐም የሚያስፈልግ አይሆንም። «የማረፊያ ምት» የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን «ምት» በሙዚቃ ውስጥ የጊዜ አከፋፈል፣ ማለትም ሪትም ስለሆነ ጎረቤት ፍች ይሆናል። «አራፊ ጣት» እና «ተነሺ ጣት» ቢባሉ ከዚህ ያመልጣሉ። ክሮቹን በአንድነት ማስጮህ፣ እስፓንያውያን ራስጌያዶ የሚሉት፣ ያለ ምንም ማመንታት «ግርፍ» ነው።

ትሬሞሎ የሚባለው ስልት አውራ ጣት ዝቅተኛውን ድምፅ ሲይዝ፣ የቀለበት፣ የመካከለኛና የጠቋሚ ጣቶች አንዱን ክር በፍጥነት እየተከታተሉ በመንካት የማይቋረጥ የሚመስል ድምፅ የሚያሰሙበት ነው። ለዚህ «ንዝረት» አይሆንም፤ ንዝረት የግራ እጅ ጣት ክሩን በማወዛወዝ የሚያመጣው የድምፅ መዋዠቅ ነው፤ በበገና ላይ ደግሞ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራ፣ የምትሰጠውን የመንዘር ጠባይ ያስታውሳል። «እርግብግቢት» የሕፃን ራስ ልል ሥፍራ ስም ሆኖ ስለ ተያዘ፣ ከዚያው ሥር «እርግብግብታ» ለትሬሞሎ ይስማማል።

ለመንካት ሁሉ ጠቅላላ ግስ እንዲሆን የግእዙን «ዘበጠ» ማስነሣት ይቻል ይሆን? በግእዝ ዘበጠ ማለት መታ፣ የዜማ መሣሪያ አሰማ ማለት ነው። በአማርኛ ግን «ዘበጠ» መሐሉ ጎደጎደ፣ ወደ ታች ረገበ ማለት ነው። የአማርኛው ፍች ለተወጠረ ክር የሚነገር ስለሚመስል «ክሩ ተዘበጠ» ሲባል አድማጩ ክሩ እንደ ላላ ይረዳል። ከግእዝ መበደር መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ያው ሥር በአማርኛ ሌላ ኑሮ የጀመረ እንደ ሆነ ብድሩ ይከሽፋል። «መሰንቆ» የሚለው ስም ራሱ ለዚህ ምስክር ነው፤ በግእዝ መጻሕፍት የግሪኩን ኪታራ፣ ማለትም ክራር መሰል መሣሪያ ሲተካ ይገኛል፤ በአማርኛ ግን በደጋን የሚገዘገዝ ባለ አንድ ክር መሣሪያ ሆኗል። «ጊታር» የሚለው ስም ከዚያው ከግሪኩ ኪታራ በዐረብኛና በእስፓንኛ በኩል የወረደ በመሆኑ፣ በስም ረገድ የጥንቱ መሰንቆ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

7. ቅኝት

በመስኩ ውስጥ ብዙ አደጋ የተሸከመው ቃል «ቅኝት» ነው። በአንድ ወገን ክርን አጥብቆና አላልቶ ድምፁን ማስተካከል ነው፤ በሌላ ወገን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት የዜማ ሥርዓቶች ስም ነው። የክራር ባለሙያ ቅኝት ሲለውጥ ክሮቹንም ስለሚያስተካክል ሁለቱ ፍቾች በእርሱ እጅ አንድ ናቸው፤ ችግርም አይፈጥሩም። በጊታር ግን ይለያያሉ። የጊታር ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ፤ በዚሁ አንድ አቃኛኘት ላይ ሆኖ ደርዳሪው በላ ማይነርም በሬ ሜጀርም የተደረሰውን ይደረድራል። አስተዋዋቂው «በላ ቅኝት» ቢል አድማጩ ክሮቹ እንደ ተለወጡ ወይም አምስተኛ ቅኝት እንደ ተገኘ ሊረዳ ይችላል።

ስለዚህ «ቅኝት» ለአራቱ ሥርዓቶች ይጠበቅ፤ የክር ማስተካከሉ ተግባር «መቃኘት»፣ ውጤቱ «አቃኛኘት» ይባል። ለአውሮፓው ሥርዓት ደግሞ ስሙ ብቻውን ይነገር፤ «በላ ማይነር» ይበቃል። «ቁልፍ» የሚል ትርጉም ሐሳብ ቢቀርብ መወገድ አለበት፤ የኖታ ቁልፍም የፒያኖ ቁልፍም በዚያው መስክ ውስጥ አሉና። ሜጀርና ማይነርን በ«ዐቢይ» እና በ«ንዑስ» ለመተካት መሞከርም ሙዚቀኞቻችን «ትዝታ ሜጀር»፣ «ትዝታ ማይነር» እያሉ ራሳቸው ያዋሐዱትን ቃል መልሶ ባዕድ ማድረግ ይሆናል።

8. የድርሰት ክፍሎችና ርእሶች

ብዙ አንጓ ያለው ድርሰት፣ ለምሳሌ የሆዋኪን ሮድሪጎ የአራንሁዌዝ ኮንቼርቶ፣ ሦስት ሙቭመንቶች አሉት፤ ድርሰቱ እ.ኤ.አ. በ1939 ተደርሶ በ1940 በባርሴሎና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ሙቭመንትን «ክፍል» ማለት በወረቀት ላይ እንከን የለውም። በራዲዮ ግን «ክፍል ሁለት» ማለት በሚቀጥለው ሳምንት የሚቀርብ ተከታይ ማለት ነው፤ አድማጩ ዝግጅቱ ያለቀ መስሎት ጣቢያ ሊቀይር ይችላል። «አንጓ» ይሻላል፤ የሸንበቆ አንጓ መለያየትንም መያያዝንም አብሮ ያሳያልና። በግጥም ውስጥ ያለው ፍቹ ለዚህ የቀረበ ቢሆንም፣ ዘፈን በሌለበት ድርደራ ውስጥ የግጥም አንጓ የሚነሣበት ቦታ የለም። ፕሪሉድ፣ ሶናታ፣ ኤቱድ የሚባሉት የድርሰት ዓይነቶች ግን ሳይተረጐሙ ይነገሩ፤ እኛም ጉባኤ ቃና፣ ዘአምላኪየ፣ መወድስ የሚሉትን የቅኔ ስሞች ለባዕድ አንባቢ ስንነግር ስማቸውን አንለውጥም።

የርእስ ትርጉም ከሁሉ የረቀቀው ችግር ነው። ታሬጋ በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ የደረሰውና በእርግብግብታው የታወቀው ድርሰት «ሬኩዌርዶስ ዴ ላ አልሃምብራ» ይባላል። አልሃምብራ በእስፓንያ በግራናዳ ከተማ የሚገኝ የጥንት እስላም ነገሥታት ቤተ መንግሥት ነው። ሬኩዌርዶስ ለሚለው ቃል በአማርኛ ከ«ትዝታ» የሚበልጥ አቻ አይገኝም፤ ያለፈውን ማሰብና መናፈቅን በአንድ ቃል ይይዛልና። በመጽሐፍ ቢሆን «የአልሃምብራ ትዝታ» ብሎ መጻፍ ትክክል ነው።

በራዲዮ ግን የክር መሣሪያ ሊሰማ ሲል «ትዝታ» የሚለው ቃል ከተጠራ የኢትዮጵያዊ አድማጭ ጆሮ ወዲያው ወደ ቅኝቱና ወደ ዘፈኑ ይሄዳል። ከዚያም የሚመጣው በላ ማይነር የሚጀምርና ኋላ ወደ ላ ሜጀር የሚሻገር የእስፓንያ ዜማ ነው። አድማጩ የጠበቀውን አላገኘምና ወይ ደርዳሪው ትዝታን አበላሸው ብሎ ይፈርዳል፣ ወይ አስተዋዋቂው ዋሸኝ ይላል፤ የቀረበለትን ሙዚቃ ግን አያዳምጥም። ሁለቱም ፍቾች የሙዚቃ ናቸው፤ ሁለቱም የክር መሣሪያ ያጅባቸዋል፤ ከዚህ የቀረበ ጉርብትና አይገኝም።

ስለዚህ ለራዲዮ «የአልሃምብራ ትውስታ» ይመረጣል። ይህ ምርጫ ዋጋ ያስከፍላል። ትውስታ የልቡና ሥራ ሲሆን ትዝታ የሆድ ነገር ነው፤ ናፍቆቱ በመንገድ ይቀራል። ተርጓሚው የጎደለውን ስሜት አስተዋዋቂው በሚጨምራት አንዲት ዐረፍተ ነገር ሊመልሰው ይችላል፤ የተሳሳተ ተስፋ ይዞ የተቀመጠን ጆሮ ግን ሙዚቃው ከጀመረ በኋላ መመለስ አይቻልም።

9. አብነት

ከላይ የተነገረውን ለማነጻጸር ሁለት የማስተዋወቂያ አብነቶች ተዘጋጅተዋል። የመጀመሪያው በወረቀት ላይ ሲታይ ስሕተት የሌለበት የሚመስል ነው።

«ክቡራን አድማጮቻችን፤ ቀጥሎ የአንድ ታዋቂ ተጫዋች ረቂቅ የጊታር ድርሰት ትርኢት ይቀርብላችኋል። ክፍል አንድ በላ ቅኝት የተደረሰው የአልሃምብራ ትዝታ ነው።»

በዚህ ውስጥ አድማጩ የማያየው ትርኢት፣ ያላለቀ የሚመስል ድርሰት፣ ለሳምንት የሚተላለፍ የሚመስል ክፍል፣ የሌለ ቅኝትና የማይመጣ ትዝታ ተነግሮታል። ሁለተኛው አብነት እንዲህ ይላል።

«ክቡራን አድማጮቻችን፤ ቀጥሎ የምታዳምጡት የክላሲካል ጊታር ድርደራ ነው። ደርዳሪው ያለ ዘፈንና ያለ አጃቢ ብቻውን ነው። የመጀመሪያው ድርሰት የፍራንሲስኮ ታሬጋ የአልሃምብራ ትውስታ ነው። አልሃምብራ በእስፓንያ አገር የሚገኝ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ደራሲው ናፍቆቱን በጊታር ገልጾታል። አውራ ጣት ከታች ሲረግጥ፣ ከላይ የምትሰሙትን እርግብግብታ ሦስት ጣቶች እየተከታተሉ ያሰሙታል።»

ሁለተኛው ረዘም ይላል። ሆኖም አንድም ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ መታረም አያስፈልገውም።

10. የቀረቡ ስያሜዎች

ሪሳይታል፦ ድርደራ፣ የጊታር ድርደራ።
የክላሲካል ጊታር ሙዚቀኛ፦ ጊታር ደርዳሪ።
ክላሲካል ጊታር፦ እንዳለ፤ ከቦክስ ጊታር ዓይነቶች አንዱ።
የጊታር ክር፦ ክር፤ ለመሣሪያ ዓይነት «ባለ አውታር»።
ክር ተሸካሚው ድልድይ፦ በርኩማ።
በፍሬቶች መካከል ያለ ሥፍራ፦ እርከን።
አፖያንዶ፦ አራፊ ጣት። ቲራንዶ፦ ተነሺ ጣት።
ራስጌያዶ፦ ግርፍ።
ትሬሞሎ፦ እርግብግብታ።
የክር ማስተካከል፦ መቃኘት፣ አቃኛኘት። (ቅኝት ለአራቱ የዜማ ሥርዓቶች የተጠበቀ)
ሙቭመንት፦ አንጓ።

11. ማጠቃለያ

የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሥራ ቃላትን በፊደል ተራ ያኖራል። ከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም. በሀለሐመ፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. በአበገደ ተራ ያዘጋጇቸው መጻሕፍት ለአንባቢ ዐይን የተሰናዱ ናቸው፤ ተግባራቸውንም በሚገባ ፈጽመዋል። በመስክ የሚጎራበቱ ፍቾች ግን በየትኛውም የፊደል ተራ ጎን ለጎን አይገኙም። ስለሆነም ወደፊት የሙያ ቃላት ሲሰየሙ እያንዳንዱ እጩ ቃል ከመጽደቁ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ በሚያነብ ሰው፣ በተለመደ ጫጫታ ውስጥ፣ ቃሉን አስቀድሞ ላላየ አድማጭ እንዲነበብና አድማጩ የተረዳውን እንዲናገር ቢደረግ፤ ጎረቤት ፍች የተገኘበትም ቃል በመዝገቡ ላይ «በራዲዮ አይመከርም» የሚል ምልክት ቢደረግበት መልካም ይሆናል። ፈተናው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥም ሊፈጸም ይችላል።

በገናና ክራር ያቆዩልን ቃላት ለዚህ ሥራ በቂ ስንቅ ናቸው። በሥራ ላይ ሲውሉ ይጠበቃሉ፤ ሳይነገሩ ከቆዩ ግን የሚያውቋቸው ባለሙያዎች ባለፉ ቁጥር አብረው ያልፋሉ። በጊታር ድርደራ ላይ «አራፊ ጣት» የሚለውን የሰማ ወጣት ነገ በገና ሲያዳምጥ ዝም ያሉት አውታሮች ለምን እንደ ተወጠሩ ያውቃል።